በትንሽ ስፍራ ሰፊ መንገድ
በራዲዮ የተነገረ



ከሥራ ወጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ፥ በረጃጅም የብረት ማማዎች ላይ ከበሮ የሚመስሉ ክብ አንቴናዎች ተሰቅለው ታያላችሁ። እነዚህ ከበሮዎች ድምፅ የላቸውም፤ ነገር ግን ከስልክ ንግግራችን፥ ከባንክ ሒሳባችንና ከመሥሪያ ቤታችን መልእክት ከፊሉ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚሻገረው በእነርሱ ነው። ሞገዱን የሚልከውና የሚቀበለው ሣጥን ቢከፈት፥ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተነጠፉ፥ አንዳንዶቹ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ የመዳብ መስመሮች ይታያሉ። ለማያውቀው ሰው ሕፃን ልጅ የጫጫረው ሥዕል ይመስሉታል። ለሚያውቀው ግን እያንዳንዱ መታጠፊያና እያንዳንዱ ውፍረት በልክ ተቈጥሮ የተቀመጠ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እነዚህ መስመሮች፥ ይኸውም ስለ ማይክሮዌቭ መሣሪያ ትንንሽ ክፍሎች አነዳደፍ ይሆናል።

ይህን ሥራ የሚሠራ መሐንዲስ ዘወትር በሁለት ትእዛዝ መካከል ይቆማል። አንደኛው ጌታ «አሳንሰው» ይለዋል፤ መሣሪያው በኪስ እንዲያዝ፥ በአውሮፕላን ወይም በሰው ሠራሽ ሳተላይት ላይ እንዲጫን ይፈለጋልና። ሁለተኛው ጌታ ደግሞ «አስፋው» ይለዋል፤ አንዱ ክፍል ለአንድ ሞገድ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሞገዶች እንዲያገለግል ይፈለጋልና። ሁለቱን ጌቶች ባንድ ጊዜ ማገልገል እንዴት ይቻላል? ወይስ ከቶ አይቻልም? ጥያቄው ለመሐንዲሱ ብቻ የቀረበ እንዳይመስላችሁ፤ የዕቃ መግዣ ሰነድ ለሚያዘጋጀውና ለሚፈርመው የመንግሥት ሠራተኛም የሚመለከተው መሆኑን ወደ መጨረሻው እናያለን።

አስቀድመን ስለ ሞገዱ ጥቂት እንናገር። ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚመላለስበት ቍጥር ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። በየቤታችን መብራት የሚያበራው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማይክሮዌቭ ብለን የምንጠራው ግን በተለመደው አከፋፈል በሰከንድ ከ300 ሚሊዮን እስከ 300 ቢሊዮን ጊዜ ድረስ የሚመላለሰውን ነው። አንድ ሚሊዮን ኸርዝ ሜጋኸርዝ፥ አንድ ቢሊዮን ኸርዝ ደግሞ ጊጋኸርዝ ይባላል። ሞገዱ በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ይህን ፍጥነት ለድግግሞሹ ብናካፍል የአንዱን ሞገድ ርዝመት እናገኛለን። የመብራቱ ሞገድ 6,000 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የ1 ጊጋኸርዝ ሞገድ 30 ሴንቲ ሜትር፥ የ10 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ከዚህ ላይ ነው። በቤታችን ውስጥ ያለው ሽቦ ከ6,000 ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር እንደ አንዲት ነጥብ ስለሚቈጠር፥ ሽቦው አንድ ሜትር ቢረዝም ወይም ቢያጥር ለመብራቱ ለውጥ የለውም። በ10 ጊጋኸርዝ ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር የምታህል የመዳብ መስመር የሞገዱ አንድ ስድስተኛ ናት። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ሽቦ ሽቦ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ርዝመቱም፥ ስፋቱም፥ መታጠፉም የሥራው አካል ይሆናል። ቅርጹ ራሱ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

በገደል አጠገብ ቆማችሁ ብትጣሩ ገደሉ ድምፃችሁን መልሶ ይልክላችኋል፤ ይህም የገደል ማሚቶ ይባላል። በመዳብ መስመር ላይ የሚጓዘውም ሞገድ እንዲሁ ነው። የመስመሩ ጠባይ በድንገት በተለወጠበት ስፍራ ከኀይሉ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ጠባይ መሐንዲሶች ኢምፒዳንስ ይሉታል፤ በኦም ይለካል፤ በማይክሮዌቭ ሥራም ከሁሉ ይልቅ የተለመደው 50 ኦም ነው። የተመለሰው ኀይል ወደ ተላከበት ሳይደርስ የቀረ ኀይል ነው። ከዚህም በላይ መልእክቱን ሊያደበላልቅ፥ ብርቱ በሆነ ጊዜም የላከውን መሣሪያ ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ የማይክሮዌቭ መሐንዲስ ዋና ድካም ማሚቶውን ዝም ማሰኘት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማሚቶን በምን ዝም ያሰኙታል? በሌላ ማሚቶ ነው። ጠባያቸው በማይስማማ በሁለት መስመሮች መካከል፥ ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ የሆነ፥ ጠባዩም በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ መስመር ይገባል። ሞገዱ በመግቢያው ላይ ጥቂት ይመለሳል፤ በመውጫውም ላይ እንዲሁ ጥቂት ይመለሳል። ሁለተኛው ማሚቶ ሩቡን ሄዶ ሩቡን ስለሚመለስ ከፊተኛው በግማሽ ሞገድ ይዘገያል። አንዱ ወደ ላይ ሲነሣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳልና እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ብልሃቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ጕድለት አለበት። ሩብ የሚሆነው ለአንድ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ድግግሞሹ እጥፍ ቢሆን ያው መስመር የሞገዱ ግማሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ማሚቶዎች መጠፋፋታቸው ቀርቶ ይደጋገፋሉ።

ነገሩን በእውነተኛ ምሳሌ እንመልከተው። በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርነስት ዊልኪንሰን አንድ የኀይል ማከፋፈያ በሙያው መጽሔት ላይ አሳተሙ። (ከዚህም በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ማከፋፈያው ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ ከትምህርት ቤት መማሪያ እስከ ሳተላይት ድረስ ይገኛል። ለሁለት መውጫ በተሠራው ዐይነት ላይ፥ ከአንድ መግቢያ ሁለት መስመሮች እንደ ባላ ይለያያሉ። የእያንዳንዱ ርዝመት የሞገዱ ሩብ፥ ጠባዩም 70.7 ኦም ነው። በሁለቱ መውጫዎች መካከል ደግሞ የ100 ኦም ሬዚስተር ተጋድሞ ይቀመጣል።

የዚህ ሬዚስተር ሥራ የሚደነቅ ነው። በሁለት ወንድማማቾች መካከል እንደ ተቀመጠ ሽማግሌ ቍጠሩት። ሁለቱ መውጫዎች እኩል ድርሻቸውን ተቀብለው በሰላም ሲኖሩ በሬዚስተሩ ጫፎች መካከል የኀይል ልዩነት ስለማይኖር አንዳች ነገር አያልፍበትም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ምንም አያባክንም። ከአንዱ መውጫ ማሚቶ ሲመለስ ግን ሽማግሌው ሥራውን ይጀምራል። ከተመለሰው ኀይል ግማሹን በራሱ ላይ ወስዶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ግማሹም ወደ መግቢያው ይሄዳል፤ ወደ ሁለተኛው መውጫ ግን ምንም አይደርስም። የአንዱ ወንድም ሁከት ሌላውን ሳይነካው ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ማከፋፈያ የቆመው በሩብ ሞገድ ላይ ስለ ሆነ የሩብ ሞገድን ጕድለት ወርሷል። ጥራቱን በጥብቅ ከጠበቅን፥ የሚያገለግልበት ላይኛው ድግግሞሽ ከታችኛው አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አይሞላም። ለአንድ የስልክ መስመር ይበቃ ይሆናል፤ ለሰፊው ፍላጎት ግን አይበቃም። ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ የመገናኛ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እጅግ ደካማ ኀይል ላላቸው መሣሪያዎች ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል በፈቀደ ጊዜ፥ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ስፋት በአንድ ጊዜ የሚሸከም ክፍል መንደፍ የብዙ ሊቃውንት ሥራ ሆኖ ነበር።

ስፋቱን ለማግኘት መንገዱ ከ2002 ብዙ ቀደም ብሎ የታወቀ ነው። በ1968 ዓ.ም. ሲሞር ኮን የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ አንዱን ትልቅ ለውጥ ለብዙ ትንንሽ ለውጦች ማካፈል እንደሚቻል አሳዩ። በአንድ ሩብ ሞገድ ፈንታ ሁለት፥ ሦስት፥ እስከ ሰባትም ድረስ ሩብ ሞገዶች በተከታታይ ይቀመጣሉ፤ በየመገናኛቸውም የየራሳቸው ሬዚስተር ይገባል። በሰባት ክፍል የተነደፈው ማከፋፈያ ላይኛው ድግግሞሽ ከታችኛው አሥር እጥፍ እስኪሆን ድረስ ያገለግላል። ነገሩ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የሚረዳው ነው። ቀጥ ባለው ቍልቍለት ላይ ውሃው ተንደርድሮ አፈሩን ይጠርጋል። ገበሬው ቍልቍለቱን በደረጃ በደረጃ ሲከፍለው ግን ውሃው በየእርከኑ ረግቶ በዝግታ ይወርዳል። ሞገዱም ጠባዩ በጥቂት በጥቂቱ ሲለወጥለት በየደረጃው የሚመልሰው ማሚቶ ትንሽ ይሆናል፤ ትንንሾቹም ማሚቶዎች በሰፊ ክልል ላይ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ።

ነገር ግን እርከን መሬት ይፈልጋል። ከ1 እስከ 10 ጊጋኸርዝ የሚያገለግል ማከፋፈያ መካከለኛው ድግግሞሽ 5.5 ጊጋኸርዝ ነው፤ የዚህም ሩብ ሞገድ በአየር ውስጥ 1.36 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰባት እርከን ሲሆን 9.5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህ በዐይናችን ትንሽ ቢመስልም፥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ክፍሎች በሚደረደሩበት ሰሌዳ ላይ እንደ ሰፊ አዳራሽ ነው። ስፋትን አገኘን፤ ትንሽነትን አጣን። ሁለቱ ጌቶች የሚጣሉት ከዚህ ላይ ነው።

መሐንዲሱ ግን ወዲያው እጁን አይሰጥም። ክፍሉን የሚያሳንስባቸው ብዙ ዘዴዎች አሉት፤ ከእነዚህም ሦስቱን እንይ።

የመጀመሪያው ዘዴ ሞገዱን ማዘግየት ነው። መስመሩ የሚነጠፍበት ሰሌዳ አሉሚና ከሚባለው የሸክላ ዐይነት ቢሠራ ሞገዱ በዝግታ ይጓዛል፤ ርዝመቱም ከአየሩ ይልቅ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ያጥራል። 9.5 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 3.8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ዋጋው ግን መስመሮቹ እጅግ ቀጭን መሆናቸው ነው፤ የቀጠነ መስመር ደግሞ ብዙ ኀይል ያባክናል። በ10 ጊጋኸርዝ ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ውስጥ ሁሉ አይሄድም፤ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ባነሰ የቆዳው ሽፋን ላይ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ የመዳቡ ገጽ ሻካራ መሆኑ ብቻ እንኳ ኪሳራውን ያበዛዋል።

ሁለተኛው ዘዴ መስመሩን ማጣጠፍ ነው። ረጅሙ መስመር እንደ ተራራ መንገድ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ በትንሽ ስፍራ ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ ሁለት መታጠፊያዎች እጅግ ከተቀራረቡ ሞገዱ መንገዱን ሳይጨርስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ስለዚህ መሐንዲሱ የመታጠፊያዎቹን ርቀት መለካት፥ የዘለለውንም አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ሦስተኛው ዘዴ መቀራረብን ራሱን አገልጋይ ማድረግ ነው። የሚዘለው ሞገድ በአንድ ስፍራ ጠላት ቢሆን በሌላ ስፍራ ወዳጅ ይሆናል። ሁለት መስመሮች ጐን ለጐን ሲነጠፉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ኀይል ልክ ግማሽ እንዲሆን ከተፈለገ፥ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በእጅ ሊሠራ እስከማይቻል ድረስ ይጠብባል። በ1969 ዓ.ም. ጁሊየስ ላንግ የተባሉ መሐንዲስ ክፍተቱን በማጥበብ ፈንታ መስመሮቹን እንደ ሁለት እጅ ጣቶች አጠላለፏቸው። ጣቶቹ በብዙ ጐን ስለሚጐራበቱ በእያንዳንዱ ክፍተት የሚሻገረው ጥቂት ኀይል ተደምሮ ግማሽ ይሞላል፤ አንድ ወገን የሆኑትም ጣቶች በቀጫጭን የሽቦ ድልድይ ይያያዛሉ። ይህ ክፍል የአንድ ሩብ ሞገድ ርዝመት ብቻ ሳለ ወደ እጥፍ የሚጠጋ የድግግሞሽ ስፋት ይሸከማል። ትንሽም ነው፤ ሰፊም ነው። ዋጋው የተከፈለው በሠሪው እጅ ላይ ነው፤ ጣቶቹና ሽቦዎቹ ከልካቸው ጥቂት ቢዛነፉ ጥቅሙ ይቀንሳልና።

ክቡራን አንባብያን፥ በሦስቱም ዘዴዎች አንድ ነገር እንደ ተደጋገመ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር የለም። ዋጋው አንድ ጊዜ በስፍራ፥ አንድ ጊዜ በባከነ ኀይል፥ አንድ ጊዜ በአሠራር ጥንቃቄ ይከፈላል። ይህም የመሐንዲሶች ድካም ገና ስላልተሟላ ብቻ አይደለም፤ በተፈጥሮ ሕግ የተወሰነ ክፍልም አለው። ሄንድሪክ ቦድ በ1945 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ጀምረውት፥ ሮበርት ፋኖ በ1950 ዓ.ም. ያሰፉት አንድ ትምህርት አለ። ኀይል ከሚያከማች ዕቃ ጋር መስመርን ስናስማማ፥ ማሚቶው ጸጥ የሚልበት ክልል በሰፋ ቍጥር የጸጥታው ጥልቀት ይቀንሳል፤ ኪሳራ በሌለባቸው ክፍሎች የቱንም ያህል ብንራቀቅ ሁለቱን ባንድነት ከወሰን በላይ ማግኘት አይቻልም። ስለ አንቴናም ላን ጄን ቹ በ1948 ዓ.ም. ከሞገዱ ይልቅ እጅግ ያነሰ አንቴና ክልሉ ጠባብ መሆኑ የማይቀር እንደ ሆነ አሳይተዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ በየትኛው ስልቻ ይከፈል ብለን እንመርጣለን እንጂ፥ በመክፈል ብቻ ሁለት ኩንታል አናደርገውም።

እንግዲህ ጥሩ ንድፍ ማለት ዋጋውን ያስቀረ ንድፍ አይደለም፤ ዋጋውን ከማይጐዳው ስፍራ ላይ የከፈለ ንድፍ ነው። ለሳተላይት የሚነድፍ ሰው ክብደትን ለማትረፍ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጥንቃቄ ይከፍላል። በማማ ላይ ለሚሰቀል መሣሪያ የሚነድፍ ሰው ስፍራ ስላለው ስፍራን ከፍሎ ኀይልን ያተርፋል። በደካማ ምልክት መቀበያ መግቢያ ላይ ደግሞ የባከነ ኀይል ከሁሉ የከፋ ነው፤ የመለኪያውን ቋንቋ ብንጠቀም፥ ሦስት ዴሲቤል ጠፋ ማለት ከመጣው ኀይል ግማሹ ጠፋ ማለት ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ብዙዎቻችሁ መስመር አትነድፉም፤ ነገር ግን የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት የመገናኛ መሣሪያ ይገዛል፤ ሰነዱም በእጃችሁ ያልፋል። ሻጭ ሲመጣ «ዕቃችን ትንሽ ነው፤ ለሁሉም ድግግሞሽ ያገለግላል፤ ኪሳራ የለውም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው» ይላል። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን፤ አራቱን ባንድ አፍ ለሚናገር ሰው ፈጥኖ ማመን አይገባም። ይልቅስ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። አንደኛ፥ ከየትኛው እስከ የትኛው ድግግሞሽ ያገለግላል? ሁለተኛ፥ በዚያ ክልል መካከል ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ የሚመለሰውና የሚባክነው ኀይል ስንት ዴሲቤል ነው? ሦስተኛ፥ ይህ የተለካ ነው ወይስ በሒሳብ ብቻ የተገመተ? ጥያቄዎቹ መሐንዲስ መሆንን አይጠይቁም፤ መልሳቸው ግን የመንግሥትን ገንዘብ ያድናል።

ጠባብ ክልል ያለው ዕቃ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራው አንድና ቋሚ ከሆነ ጠባቡ ርካሽም ንጹሕም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመገናኛ ሥራ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። በዓለም ላይ ያሉ የኪስ ስልኮች ዛሬ ከ700 ሜጋኸርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 3,500 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ በተበታተኑ ክልሎች ይሠራሉ። አዲስ ክልል በተፈቀደ ቍጥር በጠባብ ዕቃ የተሞላው ማማ እንደ ገና ሊፈታና ሊለወጥ ይሆናል። በሰፊው የተነደፈው ግን ከነገው ሥራ አንዱን ክፍል ዛሬውኑ ተሸክሞ ይጠብቃል። ዛሬ በጥቂት ብር የተቈጠበው ነገ በብዙ ብር እንዳይከፈል ማሰብ የፈራሚው ድርሻ ነው።

በመጨረሻም ልጆች ያሏችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ጥበብ ከፋብሪካ ይልቅ አብዝቶ የሚፈልገው አእምሮ ነው። ከጥቂት ጊጋኸርዝ በማያልፍ ድግግሞሽ የሚሠራ ማከፋፈያ ለመንደፍ የሚያስፈልገው ሒሳብ፥ ኮምፒዩተር፥ መዳብ የተለበጠበት ሰሌዳና መለኪያ መሣሪያ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነው መለኪያው ነው። መለኪያ ያለው የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ተማሪው በወረቀት ያሰበውን በመዳብ ነድፎ፥ ስሕተቱን በዐይኑ አይቶ፥ እንደ ገና እንዲሠራው ያስችለዋል። ከሌላ አገር የተገዛ ዕቃ ሲበላሽ ሌላ መግዛት ነው፤ የተማረ እጅ ግን የተበላሸበትን ምክንያት ያውቃል። እንዲህ ያለው ላቦራቶሪ በጀት ሲጠየቅ፥ ወረቀቱ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፥ የዛሬውን ንግግር አስታውሱ።

ከዚህ በኋላ በማማው ላይ የተሰቀለውን ከበሮ ስታዩ፥ በውስጡ ያለ ድምፅ የሚሠራውን ያንን ትንሽ ሽማግሌ፥ ያችን የ100 ኦም ሬዚስተር ታስታውሳላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።